ስለ ገና ሩር ክብደትና መጠን

በላሊበላ የጌታችን ልደትና የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ ልደት ታኅሣሥ 29 ቀን በአንድነት ሲከበሩ፥ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው የዐለት አፋፍ ላይ ቆመው ቤዛ ኵሉ እንደሚያዜሙ ታውቃላችሁ። ማሕሌቱ ካበቃ በኋላ ደግሞ በላስታ ሜዳ ጌታና ሎሌ ሳይለዩ የሚጋጠሙበት የገና ጨዋታ ይከተላል። ዛሬ ልንጽፍ የወደድነው ስለ ጨዋታው ደስታ ሳይሆን ስለ ሩሩ ነው።

ሩር ከእንጨት ተጠርቦ ወይም ከጠፍር ተጠቅልሎ ይሠራል፤ ነገር ግን የተወሰነ ሚዛንና ልክ የለውም። ሠሪው እንደ እጁ፥ መንደሩም እንደ ልማዱ ያደርገዋል።

ከወዳጆቻችን አንዱ ለትንሽ ልጁ ሩር ሲጠርብለት፥ ሕፃን ነውና ይቅለለው ብሎ እንደ ሎሚ አሳንሶ ሠራለት። በጨዋታው መካከል ሩሩ ከባልንጀራው ገና ተስፈንጥሮ የልጁን ዐይን መታው። እግዚአብሔር ይመስገንና ብርሃኑ ተረፈ፤ ሆኖም ብዙ ቀን ዐይኑ በጨርቅ ታስሮ ሰነበተ። አባትየውም ትንሽ ሩር የማይጐዳ መስሎት እንደ ነበር በጸጸት አጫወተን።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። የዐይን ጕድጓድ ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ትልቅ ኳስ ሲመታ በዙሪያው ያለው አጥንት ይመክተዋል፤ ከጕድጓዱ የሚያንስ ሩር ግን አጥንቱን አልፎ ብሌኑን ያገኘዋል። ላሊበላም 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት፥ ነፋሷ ከባሕር ጠረፍ ነፋስ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የተመታ ሩርም ፍጥነቱ ቶሎ አይበርድም።

እንግሊዞች ክሪኬት በሚሉት ጨዋታቸው ይህን አስቀድመው አስበውበታል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1774 ዓ.ም. ባወጡት ደንብ የኳሱን ክብደት የወሰኑ ሲሆን፥ ውሳኔው እስከ ዛሬ ጸንቷል። ልቡ ቡሽ፥ በላዩ ክር፥ ልብሱም ቆዳ የሆነው የወንዶች ኳስ ከ156 እስከ 163 ግራም ይመዝናል፤ ይህም አራት የአገራችን ዶሮ ዕንቍላል ያህል ነው። ዙሪያው ከ224 እስከ 229 ሚሊ ሜትር ነው። ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ክብደቱ ከ133 እስከ 144 ግራም፥ ዙሪያው ከ205 እስከ 220 ሚሊ ሜትር ሆኗል። እንግዲህ ክብደቱ ከመቶ 13 ያህል ሲቀንስ መጠኑ የቀነሰው ከመቶ 6 ያህል ብቻ መሆኑን አስተውሉ።

የገና ጨዋታ በባዕድ ደንብ ይታሰር አንልም፤ የአባቶቻችን ነውና እንደ ጥንቱ ይኑር። ነገር ግን በየቤቱ ያለ አባት ለልጁ ሩር ሲያበጅ እንጨቱን ትቶ ጨርቅ በክር አጥብቆ ይጠቅልል፥ በለስላሳ ቆዳም ያልብሰው፤ መጠኑንም ልጁ በአንድ እጁ ጨብጦ እንዳይሸፍነው ያድርግ። በበዓሉም ቀን ከሽማግሎች አንዱ ሩሩን በእጁ መዝኖ ወደ ሜዳ ያስገባ። ለሕፃን የሚሠራ ሩር ይቅለል እንጂ አይነስ።