ሁለቱ አንቀጽ 11 በጌዴኦ

በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. በምዕራብ ጉጂና በጌዴኦ አዋሳኝ ወረዳዎች ተቀስቅሶ በግንቦት ማብቂያ ያገረሸው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አፈናቅሏል። አብዛኛው የተጠለለው በጌዴኦ ዞን፣ በተለይም በገደብ፣ በኮቸሬና በይርጋ ጨፌ ነበር። ካስጠለሉት መካከል አብያተ ክርስቲያናት ይገኙበታል። በራቸውን ሲከፍቱ የመንግሥትን ሥራ ተካፍለዋል፤ በፖሊሲው ውስጥ ግን ስፍራ የላቸውም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። ድንጋጌው ከአገሪቱ ታሪክ አንጻር ተገቢ ነው፤ እንዲሻሻልም አልጠይቅም። የሚያሳስበኝ አተረጓጎሙ ነው። የሃይማኖት አባቶች በአመዛኙ የሚጠሩት ውሳኔው ካለቀ በኋላ፣ በዕርቅ መድረክ እንዲመርቁ ነው። በአንጻሩ የጌዴኦና የጉጂ የዕርቅ ሥርዓት የሆነው ጎንዶሮ ዕርድና መሐላ ያለበት፣ መንፈሳዊ ይዘቱ የጎላ ሆኖ ሳለ «ባህል» ስለተባለ ብቻ ያለ ጥያቄ ወደ መንግሥት መድረክ ይገባል። በዕርዱ ለመካፈል ኅሊናው የማይፈቅድለት ወንጌላዊ አማኝ በሁለቱም ወገን መኖሩን የሚያስታውስ ዕቅድ አውጪ ጥቂት ነው።

ሌላም አንቀጽ 11 አለ። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ስምምነት፣ ተፈናቃይ ለመመለስ፣ ባለበት ለመኖር ወይም ወደ ሌላ ስፍራ ለመዛወር በነጻነትና በበቂ መረጃ እንዲመርጥ፣ መንግሥትም እንዲያማክረው ያስገድዳል። በ2011 ዓ.ም. መጠለያዎች ሲዘጉ የረድኤት ድርጅቶች መመለሱ በእርግጥ በፈቃድ መሆኑን ጠይቀው ነበር። በዓለም የቡና ገበያ የይርጋ ጨፌን ስም የሚያውቅ ሸማች ይህን ጥያቄ መስማቱን እጠራጠራለሁ። ለገበሬው ግን ፈቃድ ቀላል ቃል አይደለም፤ በፍርሃት ቢቀር የዓመት ገቢው የሆነው ቡና ሳይለቀም ያልፋል፣ ቢመለስም ፍርሃቱ አብሮት ይመለሳል።

ይህን የሚሰማው ማን ነው? በቀበሌ ስብሰባ «አልመለስም» ማለት ይከብዳል፤ ለመጋቢው ወይም ለቄሱ መናገር ይቀላል። የመካነ ኢየሱስና የቃለ ሕይወት አማኞች በጌዴኦም በጉጂም አሉና ወሬው ከድንበሩ ማዶ ሊጣራ ይችላል። አደጋም አለው፤ ቤተ እምነት የራሱን ምእመን ሊያስቀድም፣ ዕርዳታንም ለስብከት ሊጠቀምበት ይችላል። ስለዚህ ድርሻው ተለይቶ ይጻፍ፦ ከየቤተ እምነቱ የተውጣጣ አካል የተፈናቃዩን ምርጫ ስሙን ሳይገልጽ ያድምጥ፤ ዞኑም የመመለሻ ቀን ከመቁረጡ በፊት የተሰማውን በቃለ ጉባኤ ያስፍር። የዕርዳታ ስንዴው ዝርዝር ግን በማንኛውም ቤተ እምነት እጅ አይግባ።