ውሻን በዱላ ማሠልጠን

ውሻ ያለ ዱላ ሥርዐት አይዝም የሚለው እምነት በብዙ ቤቶች ሥር ሰድዶ ይገኛል። ጫማ ያኘከ ቡችላ በዚያው ጫማ ይመታል፤ ወደ ሌማት የተጠጋ ውሻ በፍልጥ ይባረራል፤ ሲጠራ የዘገየም በመጣ ጊዜ በርግጫ ይቀበሉታል። ይህን የሚያደርጉ ሁሉ ጨካኞች ናቸው ማለት አይቻልም። አብዛኞቹ ውሻቸውን የሚወድዱ፣ ቅጣቱም እንስሳውን የሚያርመው የሚመስላቸው ናቸው። ችግሩ የሚመነጨው ውሻ እንዴት እንደሚማር ካለመረዳት ነው።

ውሻ አንድን ድርጊት ከውጤቱ ጋር የሚያያይዘው ሁለቱ ወዲያው ሲከታተሉ ነው። ጠዋት ላኘከው ጫማ ማታ ቢመታ፣ ዱላውን የሚያያይዘው ከጫማው ጋር ሳይሆን ከጌታው ወደ ቤት መግባት ጋር ነው። ተጠርቶ ሲመጣ የሚመታ ውሻም የሚማረው ሲጠሩት መሸሽን ነው። «ታዲያ ጥፋቱን ባያውቅ ለምን ያቀረቅራል?» ብለው የሚከራከሩ አሉ። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ መልስ ይሰጣል። ውሾቹ አንገታቸውን የደፉት ስላጠፉ ሳይሆን ጌቶቻቸው ስለተቆጧቸው ነበር፤ ምንም ያላጠፉት እንኳ ሲቆጧቸው እንደዚያው ሆነዋል። ሰው ጸጸት ብሎ የሚተረጕመው ነገር ለቁጣ የሚሰጥ ምላሽ ኖሯል ማለት ነው።

እርግጥ ዱላ ለጊዜው ያስቆማል። ሰውን የሚያታልለውም ይኸው ነው። ይሁን እንጂ የቆመው ምን እንደ ሆነ ማስተዋል ያሻል። ውሻ ሲፈራ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ያጕረመርማል፤ ጥርሱን ያሳያል፤ ይህም «አትቅረቡኝ» ብሎ ማስጠንቀቁ ነው። ስላጕረመረመ የሚመታ ውሻ ማጕረምረሙን ሊተው ይችላል፤ ፍርሃቱ ግን ከውስጡ አይወጣም። ከዚያ ወዲያ ምልክት ሳይሰጥ ሊናከስ ይችላል። የሚነክሰውም የመታውን ሰው ሳይሆን አጠገቡ ተቀምጦ የሚጫወተውን ሕፃን ይሆናል። እንደ ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ባልጠፋበት አገር ደግሞ የውሻ ንክሻ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በዚህ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች እንደሚሞቱ ይገምታል፤ አብዛኞቹም በእስያና በአፍሪካ የሚኖሩ ናቸው። ዱላ በሽታውን አያመጣም፤ የንክሻን አጋጣሚ ግን ያበዛል።

የቅጣት ጉዳት በምርምርም ተመዝኗል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ የፖርቱጋል ጥናት በ92 ውሾች ላይ የተካሄደ ሲሆን፣ ከፊሎቹ በሽልማት፣ ከፊሎቹ በቅጣት የሚሠለጥኑ ነበሩ። በቅጣት የሠለጠኑት ውሾች ምራቅ ሲመረመር፣ ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ንጥረ ነገር ከሥልጠናው በኋላ ጨምሮ ተገኘ። ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው ሌላው ውጤት ነው። ምግብ ይኑርበት አይኑርበት የማያውቁት ሳህን ከፊታቸው ሲቀመጥ፣ ብዙ ቅጣት የቀመሱት ውሾች ወደ ሳህኑ የሄዱት እያመነቱ ነበር። ከሥልጠናው ሜዳ ውጭም ቢሆን በጎ ነገር መጠበቅን ትተዋል።

«የጥበቃ ውሻ ካልተገረፈ ኀይለኛ አይሆንም» የሚለው አስተያየትም ሚዛን አይደፋም። በፍርሃት የሚናከስ ውሻ ሌባውን ከእንግዳ፣ እንግዳውን ከጎረቤት ልጅ ለይቶ አያውቅም። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለም? ተረቱ የሚነገረው ሰውን ለመሸንቈጥ ቢሆንም፣ ስለ ውሻው የያዘው እውነት ግን ትክክለኛ ነው፤ ውሻን ከደጁ ጋር ያስተሳሰረው የተሰጠው ፍርፋሪ እንጂ ያረፈበት አለንጋ አይደለም።

በሽልማት ማሠልጠን ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ውሻው ተጠርቶ እንደ መጣ ቍራሽ እንጀራና መልካም ቃል ወዲያውኑ ይሰጠዋል። ጥርስ የሚያበቅል ቡችላ ማኘኩ የተፈጥሮ ግዴታ ስለሆነ፣ ጫማው ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጥና የሚያኝከው የገመድ ቋጠሮ ይጣልለታል። ተመትቶ ያደገው ውሻ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። እጅ ብድግ ባለ ቍጥር ስለሚሸሽ፣ መጀመሪያ ምግቡን ራቅ አድርጎ መጣል፣ ዐይን ዐይኑን ሳያዩ ዘወር ብሎ መቀመጥ፣ በየቀኑም ጥቂት በጥቂት እንዲቀርብ መተው ያስፈልጋል። ይህም ወራት ሊወስድ ይችላል።