እንቅርትና የቤታችን ጨው

ጤናና ኑሮ፦ የየሳምንቱ ዓምድ



የዛሬው ንባባችን ስለ እንቅርት ነው። ቃሉ ለማናችንም አዲስ አይደለም። በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ገበያ፣ በወምበርማም ሆነ በየገጠሩ አንገቱ ያበጠ ሰው እናያለን። አበውም «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላሉ። በአንድ መከራ ላይ ሌላ መከራ ሲደረብ ማለት ነው። እንቅርት እስከ ተረት የገባው ከጥንት ጀምሮ አብሮን የኖረ ሕመም ስለሆነ ነው።

ታዲያ እንቅርት ከምን ይመጣል? አንዱ እርግማን ነው ይላል። ሌላው በዘር ነው ይላል። የምንጩ ውሃ ነው የሚልም አለ። እርግማን የሚለው ተሳስቷል። ውሃ ነው የሚለው ግን ወደ እውነቱ ጠጋ ብሏል። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እናነባለን።

የአንገታችን እጢ

እስቲ ጣታችንን ከማንቁርታችን ዝቅ አድርገን ምራቃችንን እንዋጥ። እዚያ ቦታ ላይ አንዲት እጢ አለች። ታይሮይድ ትባላለች። ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ ትመስላለች። የእጢዋ ሥራ ሆርሞን መሥራት ነው።

ሆርሞን ማለት የሰውነታችን መልእክተኛ ነው። በደም ውስጥ እየዞረ ለልብ፣ ለአንጎል፣ ለአንጀት፣ ለማሕፀን ትእዛዝ ያደርሳል። የታይሮይድ ሆርሞን የሚያደርሰው ትእዛዝ የእሳት ትእዛዝ ነው ብንል ያስኬዳል። እንጀራ የምትጋግር እናት ነገሩን ታውቀዋለች። ከምጣዱ ሥር እሳቱ ሲበዛ እንጀራው ያራል፤ ሲያንስ ደግሞ ሊጥ ሊጥ ይላል። ሰውነታችንም እንደዚሁ ነው። ይህ ሆርሞን ሲበዛ ልብ ይመታል፣ ሰውነት ይከሳል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ሲያንስ ደግሞ ሰውየው ይደክመዋል፣ ይበርደዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ቆዳው ይሻክራል፣ ሐሳቡም ይዘገያል።

እጢዋ ሆርሞኑን የምትሠራው አዮዲን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። አዮዲን የምናገኘው ከምንበላውና ከምንጠጣው ብቻ ነው። ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው አይችልም።

የሚያስፈልገን መጠን በጣም ጥቂት ነው። አንድ ግራም ለአንድ ሚሊዮን ሲከፈል አንዱ ክፍል ማይክሮ ግራም ይባላል። ለአዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮ ግራም ይበቃዋል። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት 250 ያስፈልጋታል። ሰባ ዓመት የሚኖር ሰው በዕድሜው ሙሉ የሚፈልገው አዮዲን ቢጠራቀም አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን በአንድ ቀን በልተነው አንገላገልም። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መግባት አለበት።

አዮዲን ሲጠፋ እጢዋ ሆርሞን መሥራት ያቅታታል። ይህን ጊዜ ከአንጎል ሥር ያለች ሌላ ትንሽ እጢ «ሥሪ! ሥሪ!» እያለች ትጎተጉታታለች። የታይሮይድ እጢም ያለችውን ጥቂት አዮዲን ለመሰብሰብ ስትታገል ታብጣለች። እንቅርት ማለት እንግዲህ ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት ያለው እንቅርትም አለ፤ በአገራችን የበዛው ግን ከአዮዲን እጥረት የሚመጣው ነው።

አዮዲናችን የት ሄደ?

ክረምቱ አዮዲኑን ከአፈሩ ጋር ያጥበዋል። የጎጃም ዝናብ ብርቱ ነው፤ መሬቱም ተዳፋት ነው። ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ለዓባይ ይሰጣል፤ ዓባይም ወደ ሩቅ አገር ይወስደዋል። በታጠበ መሬት ላይ የበቀለ ጤፍ፣ በቆሎና ዳጉሳ ለዓይን ያምራል፤ አዮዲን ግን ያንሰዋል። መሬቱ ያልሰጠውን እህሉ ከየት ያመጣዋል? የምንጩም ውሃ እንደዚያው ነው። ውሃው መርዝ ኖሮበት ሳይሆን አዮዲን ጎድሎት ነው። በዘር ነው የተባለውም ብዙውን ጊዜ ቤተሰቡ ከአንድ ማሳና ከአንድ ምንጭ ስለሚበላና ስለሚጠጣ ነው።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። በአውሮፓ ስዊዘርላንድ የምትባል ተራራማ አገር አለች። እዚያም ድሮ እንቅርት የበዛ ነበር። ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጨው ላይ አዮዲን እየጨመሩ ማደል ጀመሩ፤ እንቅርቱም ከትውልድ ወደ ትውልድ እየጠፋ ሄደ።

በአገራችንስ? በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካላቸው 100 ልጆች 40 ያህሉ እንቅርት እንዳለባቸው አሳይቷል። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ በቡሬና በወምበርማ ወረዳዎች የትምህርት ቤት ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሟል። ጥናቱ በዚሁ በሰፈራችን የአዮዲን እጥረት የበረታ መሆኑን ገልጿል።

የጨው ነገር

ጨው የማይበላ ቤት የለም። ድሃም ሀብታምም ይበላዋል። አዮዲን በጨው ላይ እንዲጨመር የተመረጠውም ለዚህ ነው።

አባቶቻችን ጨው በአሞሌ ይገዙ ነበር። አሞሌ ከአፋር በረሃ በግመልና በበቅሎ እየተጫነ ጎጃም ድረስ ይመጣ ነበር፤ እንደ ገንዘብም ይመነዘር ነበር። ይሁን እንጂ አዮዲን አይጨመርበትም። በኋላ ከአሰብ የሚመጣ ጨው አዮዲን ይጨመርበት ጀመር። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ራሷን የቻለች አገር ስትሆን የአገራችን ጨው በብዛት ከአፋር፣ ከአፍዴራ ሐይቅ ይመጣ ጀመር፤ ይህም አዮዲን አልነበረውም። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ደንብ ቁጥር 204/2003ን አወጣ። በ2003 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ዳሰሳ አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከ100 ቤት በ15ቱ ብቻ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ግን በ89ኙ ተገኘ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ጨው አዮዲን አለው ማለት በቂ አዮዲን አለው ማለት አይደለም።

የሚጎዳው ማነው?

እንቅርት አንገትን ብቻ የሚያበላሽ ቢሆን ባልከፋ ነበር። ትልቁ ጉዳት በዓይን አይታይም።

ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን ሲያንሳት ጽንሱ ሊጨነግፍ ይችላል። ሕፃኑ ሞቶ ሊወለድ ይችላል። በሕይወት ቢወለድም የጽንሱ አንጎል ያለ ታይሮይድ ሆርሞን በደንብ አያድግም። እጥረቱ ሲብስ ልጁ መስማትና መናገር ይሳነዋል፣ ቁመቱም ይቀራል። እጥረቱ ቀለል ያለ ከሆነ ደግሞ ልጁ ጤነኛ ይመስላል፤ ትምህርት ላይ ግን ይዘገያል። እኛም «ሰነፍ ነው» ብለን እንቆጣዋለን። ልጁ እኮ ሰነፍ አይደለም! ገና በእናቱ ሆድ ሳለ የጎደለበት ነገር ነው።

እናቲቱንም እንይ። ጽንስ ደጋግሞ ሲጨነግፋት አንዳንድ ቤት «እሷ ናት፣ ዕድሏ ነው» ይባላል። እንቅርት አለባት ተብላ የምትሸማቀቅ ልጃገረድም አለች። አንገቷን በነጠላ ሸፍና ውሃ ትቀዳለች። እናቶቻችን እንቅርት ይከላከላል ብለው አንገታቸውን ይነቀሱ ነበር። ንቅሳት ጌጥ ሊሆን ይችላል፤ አዮዲን ግን አይሆንም። መርፌው ለብዙ ሰው ከዋለ ደግሞ የጉበት በሽታና ኤችአይቪ ያስተላልፋል። እንግዲህ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ አይደለም?

ምን እናድርግ?

1. ጨው ስንገዛ አዮዲን ያለበትን፣ የታሸገውን እንምረጥ። በማሸጊያው ላይ «አዮዲን» የሚል ቃል እንፈልግ። አራት ፊደል ነው፦ አ፣ ዮ፣ ዲ፣ ን። ፊደል መቁጠር ከጀመርን ይህን ማንበብ አያቅተንም። ባለሱቁንም «አዮዲን ያለው ነው?» ብለን እንጠይቅ።

2. ጨውን ክዳን ባለው ዕቃ እናስቀምጥ። ፀሐይ፣ እርጥበትና የምድጃ ሙቀት አዮዲኑን ያጠፉታል። ጨውን በውሃ አንጠብ፣ ፀሐይ ላይም አናስጣ።

3. ጨው ወጡ ላይ የምንጨምረው ወጡ ሊወጣ ሲል ይሁን። ገና ከመጣዱ ከጨመርነው አዮዲኑ በእንፋሎት ይሄዳል።

4. አዮዲን ይበዛልን ብለን ጨው አናብዛ። ጨው ሲበዛ የደም ግፊት ያመጣል። ለቁስል የሚቀባውን አዮዲንም ፈጽሞ አንጠጣ።

5. ጎመን ጥሩ ምግብ ነው። አዮዲን በሌለበት ቤት ብቻውን ሲዘወተር ግን የእጢዋን ሥራ ሊያውክ ይችላል። ስለዚህ በደንብ አብስለን፣ ከሌላ ምግብ ጋር እያፈራረቅን እንብላ። እንቁላል፣ ወተትና ዓሣ ስናገኝ ለነፍሰ ጡርና ለልጅ እናስቀድም።

6. እንቅርት ያለበት ሰው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂድ። የቆየና ያደገ እንቅርት ጨው በመለወጥ ብቻ አይጠፋም። መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከለከለ፣ ድምፅን ካሰረ ወይም በድንገት ካደገ ቀን መቁጠር አያስፈልግም።

አንዳንዱ «አዮዲን ያለው ጨው ጣዕሙ ሌላ ነው» ይላል። እውነት አይደለም። ቀለሙም ጣዕሙም ያው ነው። ዋጋው ጥቂት ቢጨምር እንኳ የአንድ ልጅ አንጎል ከዚያ ይበልጣል። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይወረውሩሃል» ይባላል። ከእንግዲህ ጨው መጣፈጡ ብቻ አይበቃንም፤ አዮዲንም ይኑረው።

የዛሬ ቃላት

እጢ፦ ለሰውነት የሚያስፈልግ ፈሳሽ የሚሠራ ክፍል
ሆርሞን፦ በደም ውስጥ የሚሄድ የሰውነት መልእክተኛ
አዮዲን፦ የታይሮይድ ሆርሞን የሚሠራበት ንጥረ ነገር

ለመወያየት

1. በቤታችሁ ያለው ጨው አዮዲን አለው? ማሸጊያውን አንብባችሁ ንገሩን።
2. ጨው የሚቀመጠው የት ነው? ክዳን አለው?
3. በመንደራችሁ ነፍሰ ጡር እናት ካለች ይህን ጽሑፍ ማን ያነብላታል?

ሦስተኛውን ጥያቄ ለነገ አናሳድረው። ማንበብ የቻለ ሰው ዛሬውኑ ያንብብላት።