«ስትወልጂ ይስተካከላል» ሕክምና አይደለም

የወር አበባዋ ሁለት ወር ቀርቶ በሦስተኛው የመጣባት፣ ወይም በአንድ ወር ውስጥ ሁለቴ እያየች የተቸገረች ወጣት ጤና ተቋም ሄዳ ብዙ ጊዜ የምትሰማው መልስ «አይዞሽ፣ ስትወልጂ ይስተካከላል» የሚል ነው። ይህን የሚሏት እናቷ ወይም አክስቷ ቢሆኑ አንፈርድባቸውም፤ ከእናቶቻቸው የሰሙትን ነው የሚነግሯት። ነጭ ጋውን የለበሰ ባለሙያ ሲደግመው ግን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ልጅቱ የመጣችው «ወደፊት መውለድ እችል ይሆን?» በሚል ሥጋት ተይዛ ነው። መልሱ ግን አይሆንልኝም ብላ የፈራችውን ነገር ራሱን መድኃኒት አድርጎ ያዝላታል።

ለመሆኑ ተዛባ የሚባለው ምን ሲሆን ነው? የደም መፍሰሱ ከጀመረበት ቀን ቀጣዩ እስከሚጀምርበት ቀን ሲቆጠር የአዋቂ ሴት ዑደት ከ21 እስከ 35 ቀን ቢሆን ጤናማ ነው። የወር አበባ ማየት ከጀመሩ ገና ጥቂት ዓመት የሆናቸው ልጆች ዘንድ እስከ 45 ቀን ቢዘገይም አያስደነግጥም። በእኛ አገር ደግሞ የዘመን አቆጣጠሩ የራሱን ግርታ ይጨምራል። ብዙ ሴቶች የሚያስታውሱት በወሩ ቀን ነው፤ «እኔ ሁሌ ለሚካኤል ነበር የሚመጣብኝ» ይላሉ። ወራችን ግን 30 ቀን ነውና፣ ዑደቷ ድፍን 28 ቀን የሆነ ሴት በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን እየቀደመባት ይሄዳል። ጳጉሜን ስትገባማ ነገሩ ይብሳል። ነሐሴ 20 ያየች ሴት ቀጣዩን የምታየው መስከረም 13 ነው። ሳምንት ቀደመብኝ ብላ ትጨነቃለች እንጂ ሰውነቷ አንዲት ቀን እንኳ አላዛነፈም። ይህን ቆጥሮ ለማሳየት በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካላንደርና የአምስት ደቂቃ ትዕግሥት ይበቃል።

ዑደቱ በእርግጥ ከተዛባስ? አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል በወቅቱ እየወጣ አይደለም ማለት ነው። ይህ እርግዝናን ያዘገየው ይሆናል እንጂ አይቀሬ መካንነት አይደለም። ዋነኛው ምክንያት ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ወይም በአጭሩ ፒሲኦኤስ የሚባለው የሆርሞን መዛባት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ6 እስከ 13 በመቶ የሚሆኑት ይህ ችግር አለባቸው፤ እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት ግን እንዳለባቸው አያውቁም። የወር አበባ መዘግየት፣ አገጭ ላይ የሚወጣ ጠንካራ ፀጉር፣ አልለቅ ያለ ብጉር ምልክቶቹ ናቸው። በአልትራሳውንድ የሚታዩት ትናንሽ ከረጢቶች እንቁላል የያዙ፣ ነገር ግን በስለው ያልወጡ ናቸው። ዕጢ አይደሉም፤ ቀዶ ሕክምናም አይሹም። ማርገዝ ለምትፈልግ ሴት እንቁላል እንዲወጣ የሚያግዝ ሌትሮዞል የተባለ እንክብል አለ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያም ቀዳሚው ምርጫ ይህ እንዲሆን ይመክራል። የታይሮይድ ዕጢ መታወክና የፕሮላክቲን ሆርሞን መብዛትም ዑደትን ያዛባሉ፤ ሁለቱም በደም ምርመራ ይታወቃሉ፣ ይታከማሉም። ድንገተኛ ክብደት መቀነስና ከባድ ጭንቀትም እንዲሁ። ከሁሉ በፊት ግን እርግዝና አለመኖሩ ይረጋገጥ!

ሌላው ሥጋት የሚነሳው ከመርፌው ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ካገቡ ኢትዮጵያውያን ሴቶች 27 በመቶ ያህሉ የሚጠቀሙት የወሊድ መከላከያ በመርፌ የሚሰጠው ነው፤ የሚስተካከለው ሌላ ዘዴ የለም። የሦስት ወሩ መርፌ የወር አበባን ሊያዛባ፣ ጭራሽ ሊያስቀርም ይችላል። ካቆሙት በኋላ እርግዝና ለመፈጠር ከመጨረሻው መርፌ አንስቶ በአማካይ አሥር ወር ያህል ይፈጃል። መካን ግን አያደርግም። ይህን ከመወጋቷ በፊት ያልተነገራት ሴት፣ መርፌውን ትታ ስምንት ወር ሳታረግዝ ስትቆይ የጎረቤቷን ወሬ ብታምን ማን ይፈርድባታል? ተጠያቂው ሳያስረዳ የወጋት ተቋም ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ዑደቷ ዝንፍ የማይል ሴትም ልጅ ልታጣ ትችላለች። በአፍሪካ ለመካንነት ከሚዳርጉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ በአባላዘር በሽታ፣ ንጽሕና በጎደለው ውርጃ ወይም ከወሊድ በኋላ በሚመጣ ኢንፌክሽን ሳቢያ የማህፀን ቱቦ መዘጋት ነው። ቱቦዋ የተዘጋባት ሴት የወር አበባዋ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። በወንዱ በኩል ያለው ችግር ደግሞ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተዳምሮ ልጅ ካጡ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ዘንድ ይገኛል። የወንድ ዘር ምርመራ ከሁሉም ቀላሉ ምርመራ ነው፤ ሳያም ሳይቆርጥም ያልቃል። ይሁንና ለዓመታት ከክሊኒክ ወደ ፀበል፣ ከፀበል ወደ ክሊኒክ ብቻዋን የምትመላለሰው ሚስት ናት። በቤተ ዘመድ ሸንጎ «መካን» የምትባለውም፣ ትዳሯ የሚፈርሰውም እሷው ናት። ባል ሳይመረመር የማንም ሴት መዝገብ ላይ ይህ ፍርድ ሊጻፍ አይገባም።

«ይስተካከላል፣ ጠብቂ» ማለትም ጉዳት የለሽ ምክር አይደለም። እርግዝናም መርፌም በሌለበት የወር አበባ ከሦስት ወር በላይ ከቀረ፣ ከስምንት ቀን በላይ ከፈሰሰ፣ ወይም ልጅቱ 15 ዓመት ሞልቷት ጭራሽ ካልጀመረች ምርመራ ያስፈልጋል። እንቁላል ሳይወጣ ለረዥም ጊዜ ሲቆይ የማህፀን ግድግዳ እየወፈረ ሄዶ የካንሰር ሥጋት ያስከትላል። ብዙ የሚፈሳት ሴት በደም ማነስ ትዳከማለች። ፒሲኦኤስ ለስኳር በሽታም ያጋልጣል። አርባ ሳይሞላቸው ኦቫሪያቸው ሥራ የሚያቆም ሴቶችም አሉ፤ እነዚህን በጊዜ አለማግኘት የመውለድ ዕድላቸውን ማባከን ነው።

በአዲስ አበባ የጳውሎስ ሆስፒታል የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል መኖሩ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ዑደታቸው ከተዛባባቸው ሴቶች አብዛኞቹ በላብራቶሪ የሚካሄድ ጽንስ አያስፈልጋቸውም፤ የሚያስፈልጋቸው በቅርባቸው ያለ ጤና ጣቢያ አዳምጦ፣ ቆጥሮ፣ መርምሮ እንዲልካቸው ነው። ስለዚህ ጤና ሚኒስቴር የወር አበባ መዛባትን ከቤተሰብ ዕቅድ ምክር ጎን ለጎን የጤና ጣቢያ መደበኛ ሥራ ያድርገው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መርፌው ምን እንደሚያመጣና ምን እንደማያመጣ አስቀድመው ይንገሩ። መድኃኒት ቤቶችም ሳትመረመር ለመጣች ልጅ «ማስተካከያ» እያሉ የሆርሞን እንክብል መሸጣቸውን ያቁሙ፤ ደሙን ያመጣው ይሆናል፣ ምክንያቱን ግን ይሸፍነዋል።

ከ35 ዓመት በታች የሆነች ሴት አንድ ዓመት፣ 35 እና ከዚያ በላይ የሆነች ስድስት ወር ሞክራ ካላረገዘች ሐኪም ዘንድ ትሂድ ይባላል። ዑደቷ የተዛባ ሴት ግን ይህን ጊዜ መጠበቅ የለባትም፤ የሦስት ወር ቀኗን በወረቀት ጽፋ፣ ያገባችም ከሆነች ባሏን ይዛ፣ አሁኑኑ ልትመረመር ይገባል!