ስለ ደመወዝ ወለልና ስለ ተቃዋሚዎቹ

ወጣቶች ሆይ፥ በአገራችን የሠራተኛ ደመወዝ ከዚህ በታች አይሁን ተብሎ በሕግ ይወሰን የሚል ቃል በተነሣ ቁጥር፥ «ተዉ፤ ይህ ነገር አገር ያደኸያል» የሚሉ የተማሩ ሰዎች አይታጡም። ነገራቸው ሲጠቀለል እንዲህ ነው፤ ሠሪና አሠሪ ሁለቱም ነጻ ሰዎች ናቸው፤ በተስማሙበት ዋጋ ይዋዋሉ፤ ሦስተኛ ሰው በመካከላቸው ምን ያገባዋል? ቃሉ ሲሰሙት ያምራል። እኔ ግን ዕድሜዬን የመንዝን ልጆች ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝና ይህን ነጻ ውል የሚሉትን ነገር ከቅርብ አይቼዋለሁ።

ከመሐል ሜዳ፥ ከሞላሌ፥ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ፍለጋ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ የሚገባ ልጅ የሳምንት ስንቅ እንኳ የለውም። አሠሪው ግን አንድ ወር ቢቆይ የሚጎድልበት ነገር የለም። አንዱ መጠበቅ ይችላል፤ ሌላው አይችልም። በዚህ ላይ ከበሩ ውጭ ከዚያ ልጅ ይልቅ የተራበ ሌላ ልጅ ቆሟል። እንግዲህ ዋጋውን የሚቆርጠው የሥራው ክብደት አይደለም፥ የሠሪው ችሎታም አይደለም፤ ከሁሉ ይልቅ የተራበው ሰው ነው። እርሱ እሺ ባለበት ዋጋ ሌሎቹም ይገባሉ። ውል የሚሉት ይህን ነው።

የመንዝ ሰው ይህን ለመረዳት የውጭ መጽሐፍ አያሻውም፤ ጓሳን ያውቃልና። አባቶቻችን የአስቦና የገራ ልጆች የጓሳን ሣር ሦስት ዓመትም አምስት ዓመትም ዘግተው ሲያቆዩ፥ ለቤት ክዳንና ለገመድ የቸገረው ሰው ጠፍቶ አልነበረም። የቸገረው አስቀድሞ ቢያጭድ ጎረቤቱም ሳልቀደም ልቅደም ብሎ እንደሚከተለው፥ በመጨረሻም ለማንም እንደማይተርፍ ስላወቁ ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ጓሳውም ያለ ወሰን ታጨደ፥ ተጋጠም፤ ኋላ ሕዝቡ ጉዳቱን አይቶ ጥበቃውን እንደ ገና አቆመ። እነዚያ አባቶች የሰውን ነጻነት ነፈጉ ብሎ የሚከስ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። ታዲያ ለሣር የተገባው ወሰን ለሰው ጉልበት ሲሆን ነውር የሚሆነው ስለ ምን ነው?

ነገሩ አዲስ ፈጠራም አይደለም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት በልጅነታችን የተማርነው ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 24 የቀን ሠራተኛ ዋጋው ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈለው ያዛል፤ ምክንያቱንም ከድኽነቱ ያወጣዋል። ኒው ዚላንድ የግልግል ፍርድ ቤት ደመወዝ እንዲወስን ሕግ ያወጣችው በ1894 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። ጎረቤታችን ኬንያም ወለል አላት።

በእኛም ዘንድ ሕግ አልጠፋም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 55 የደመወዝ ቦርድ በደንብ እንዲቋቋም፥ ከመንግሥት፥ ከሠራተኛና ከሌሎችም ወገኖች የተውጣጣ እንዲሆን፥ ዝቅተኛውንም ደመወዝ በየጊዜው እንዲከልስ ይደነግጋል። ከዚያ ወዲህ ኢሠማኮ በሠራተኞች ቀን እየቆመ ቦርዱን ሲጠይቅ ዓመታት አለፉ። መንግሥት ግን ለራሱ ሠራተኛ ወለል ማውጣት አላቃተውም፤ በ2017 ዓ.ም. 4,760 ብር፥ በ2018 ዓ.ም. 6,000 ብር አድርጎታል። ስድስት ሺሁን ለ30 ብናካፍለው በቀን 200 ብር ነው፤ ይህም ግብርና ጡረታ ሳይቀነስ። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አንድ ኩንታል ጤፍ ከ10,000 ብር በላይ ይሸጥ እንደ ነበር ለምታስታውሱ፥ ይህ የድሎት ኑሮ አለመሆኑን መንገር አያስፈልገኝም። ነገር ግን መንግሥት ለጥበቃውና ለተላላኪው ከዚህ በታች አልከፍልም ካለ፥ ከአጥሩ ማዶ ያለው ጥበቃ ሆዱ ትንሽ ነውን?

«ደመወዝ ከተወደደ ባለ ፋብሪካው ጥሎን ይሄዳል» ይላሉ። እስቲ ሐዋሳን እንመልከት። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲከፈት ለውጭ ነጋዴ የተነገረው የጉልበታችን ርካሽነት ነበር። በ2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ባወጣው ጥናት የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ሆኖ፥ በዓለም ልብስ ሰፊ አገሮች ሁሉ የመጨረሻው ሆነ። ልጃገረዶቹም የቤት ኪራይና ቀለብ አልበቃ ብሏቸው እየለቀቁ ሄዱ፤ ፋብሪካውም አዲስ ሰው ሲያስተምር ይውል ጀመር። ኋላ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት አሜሪካ በ2014 ዓ.ም. አጎዋ የሚባለውን ከቀረጥ ነጻ ገበያ ስትዘጋብን አንዳንዶቹ ኩባንያዎች ሄዱ። ከዓለም ርካሽ መሆናችን አላስቀራቸውም።

አንድ እውነት ግን አላቸው፤ አንዲት ሻይ ቤት የከፈተች ሴትና አንድ ትልቅ ፋብሪካ በአንድ ሚዛን ቢመዘኑ ሴትየዋ ትዘጋለች። ይህን አልክድም። በየሥራው ዓይነትና በየአገሩ የኑሮ ውድነት ለይቶ የሚያይ ቦርድ ያስፈለገውም ለዚህ ነው፤ ባልተሰየመ ቦርድ ግን ማን ይለያል?

ደጋፊዎቹም ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ሰው አለ። ከጊሼ ወይም ከመርሐቤቴ በደላላ እጅ አዲስ አበባ ገብታ በሰው ቤት የምታገለግል ልጅ ከዚህ አዋጅ ውጭ ናት፤ የቤት ሠራተኛ ጉዳይ በሌላ ደንብ ይወሰናል ተብሎ ለብቻው ተቀምጧል። ቦርዱ ነገ ቢሰየም እንኳ ወለሉ እርስዋ ዘንድ አይደርስም። የእርስዋን ወለል የሚያወጡት የቤቱ ጌታና እመቤት ናቸው፤ እነርሱም ምግቧንና መኝታዋን ቆጥረው፥ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት መቆሟን ሳይቆጥሩ ይወስናሉ። ስለ ፋብሪካ ጌታ ክፋት ጮክ ብለው የሚናገሩ ሰዎች ናቸው ይህን የሚያደርጉት። እናንተም በወላጆቻችሁ ቤት እንዲህ ያለች ልጅ ካለች፥ በወር ስንት እንደሚከፈላት ዛሬ ማታ ጠይቁ፤ ለ30ም አካፍሉት።