500 ፓውንዱ ለአንድ ወርቅ ወይስ ለሰላሳ ልጆች?

ሂትሮው ወረፋ ላይ ቆሜያለሁ፣ ተራዬም ገና ነው። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ሙሉ በዋትስአፕ የተጨቃጨቅንበትን ጉዳይ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው። ይረዝማል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡ።

ነገሩን ላልሰማችሁ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የሚማሩት ልጆቻችን በእጃቸው የሚያገላብጡት የሀገር ነገር ይኑራቸው ተብሎ ከየኪሳችን 500 ፓውንድ ተዋጣ። በወሩ መጨረሻ ብሉምስበሪ ውስጥ አንድ ሆቴል አዳራሽ የሳንቲም ገበያ አለ፤ እዚያ ሄደን የድሮ የኢትዮጵያ ገንዘብ እንገዛለን ተባለ። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ተስማማን። ምን እንግዛ ሲባል ግን ግሩፑ በሦስት ተከፈለ። አንደኛው ወገን ገንዘቡን በሙሉ በአንድ የአክሱም ወርቅ ላይ እናውለው ይላል። ሁለተኛው የነገሥታቱ ምስል ያለበትን የሚያብለጨልጭ የብር ስብስብ ይፈልጋል። ሦስተኛው ደግሞ በርካሹ አፍሰን እንምጣ ባይ ነው። እኔ ከሦስቱም ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ ምክንያቴን ልናገር።

ከአክሱም ልጀምር፣ ምክንያቱም ልብ የሚሰርቀው እሱ ነው። ንጉሥ እንዱቢስ በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በስሙ ወርቅ ሲያስመታ፣ በዓለም ላይ በራሳቸው ስም የወርቅ ገንዘብ የሚያስመቱ መንግሥታት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል ሳንቲሙ ላይ የነበሩት ጨረቃና ክብ ምልክት ተነሥተው መስቀል ገባ። አንዳንዱ የነሐስ ሳንቲም ላይ «ይህ ሀገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ቃል በግሪክኛ ተጽፎበታል። የዛሬ ገንዘብ ላይ እንዲህ ያለ ትሕትና አላየሁም። በነሐስና በብር ሳንቲሞቻቸው ላይ የንጉሡን ራስ ወይም መስቀሉን በወርቅ የሚለብጡበት ጥበብም ነበራቸው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ እንዳይገዛ የምለውም ይህን እያወቅሁ ነው።

ጥያቄዬ አንድ ብቻ ናት፦ ከየት መጣ? አክሱምና አካባቢው ዝናብ ዘንቦ ሲያባራ ሳንቲም ከማሳው ብቅ ይላል። እረኛው ያነሣዋል፣ ደላላ በጥቂት ብር ይወስደዋል፣ ከዚያ በማን ሻንጣ እንደወጣ ሳይታወቅ ለንደን ጠረጴዛ ላይ በትንሽ ፕላስቲክ ከረጢት ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። የኢትዮጵያ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ጥንታዊ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር እንዲወጣ አይፈቅድም። እንግሊዝም ብትሆን እ.ኤ.አ. በ2002 የ1970ውን የዩኔስኮ ስምምነት ተቀብላለች፤ በ2003 ደግሞ ከሕግ ውጭ ተቆፍሮ የወጣ ቅርስን እያወቁ መነገድን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ አውጥታለች። ነጋዴውን ስትጠይቁት «ከድሮ ስብስብ ነው» ይላችኋል። እሱ ወሬ ነው፣ ወረቀት አይደለም። ወረቀት ማለት የቆየ ደረሰኝ፣ ወይም ሳንቲሙ ራሱ በፎቶ የሚታይበት የድሮ ጨረታ ካታሎግ ነው።

አንድ የማከብራቸው ትልቅ ሰው «ልጄ፣ ከፈረንጅ እጅ ማዳን እኮ ነው፤ ወደ ወገን ይመለስ» አሉኝ። ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው፤ ግን የከፈልነው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ አስቡት። ዛሬ እኛ ከገዛን ለሚቀጥለው ክረምት ዶማ የሚይዝ ሰው ቀጠርን ማለት ነው። ሳንቲም ከጉድጓዱ በዶማ ሲወጣ የየትኛው ቤት ወለል ላይ፣ ከየትኛው ሸክላ አጠገብ እንደነበረ አብሮ ይጠፋል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ስለ ቅርስ ዝርፊያ የሰማነውን ሁሉ ሰምተን፣ በሕፃናት ስም በተዋጣ ገንዘብ ምንጩ የማይታወቅ ነገር መግዛት ለኔ አይዋጥልኝም። ደግሞስ የአክሱምን ገንዘብ ለማየት መግዛት አያስፈልግም። ብሪቲሽ ሙዚየም ከዚያው ሆቴል በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ስብስቡን ስቱዋርት ማንሮ-ሄይ የተባለው ምሁር አጥንቶት በ1999 ካታሎጉ በመጽሐፍ ወጥቷል። የሳንቲም ክፍሉ ቀጠሮ ለያዘ ሰው ሳንቲም አውጥቶ የሚያሳይበት የጥናት ክፍል አለው። ለልጆቹ ቀጠሮ እንጠይቅ። በነጻ ነው።

ሁለተኛው ጎራ የሚፈልገው የ1964 ዓ.ም. ባለ አምስት ብሩ ስብስብ ነው። ቴዎድሮስ፣ ዮሐንስ፣ ምኒልክ፣ ዘውዲቱ፣ ኃይለ ሥላሴ በብር ላይ፣ እንደ መስታወት የሚያበሩ። ቆንጆ ናቸው። ግን ሲሠሩም ለሰብሳቢ ተብለው ነው። ጉልት ላይ ሽንኩርት ገዝተው አያውቁም፣ የማንም ሴት መቀነት ውስጥ አልታሰሩም። ልጅ ደግሞ በጣቱ እንዳይነካቸው ስንከለክል ልንውል ነው።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ። አስተውላችሁ ከሆነ እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን «ብር» ሲባል የሚታያቸው ወረቀት ነው፣ እሱም ክረምት ሀገር ቤት ለሄዱት። ገንዘቡ ስሙን ያገኘው ከማዕድኑ እንደሆነ በቃል ብትነግሯቸው ራሳቸውን ይነቀንቁና ወደ ስልካቸው ይመለሳሉ። 28 ግራም የሚመዝን ድፍን ብር መዳፋቸው ላይ ስታስቀምጡላቸው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስለዚህ የገንዘቡ ትልቁ ድርሻ ወደ አንድ የምኒልክ ብር ይሂድ። ፓሪስ የተመታ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል በአንድ በኩል፣ አንበሳው በሌላ በኩል፣ ዓመተ ምሕረቱ በግዕዝ ቁጥር፦ ፲፰፻፹፱። ይህ ቁጥር ብቻውን የአንድ ቅዳሜ ትምህርት ነው። ፲፰፻ን አንብበው ፹ እና ፱ ላይ ሲደርሱ ማን ቀድሞ እንደሚመልስ እናያለን። (ወላጆችንም እንፈትናለን፣ እንዳትቀሩ።) ከ200 ፓውንድ በላይ ግን አልከፍልም። ስሙና ጽሑፉ የሚነበብ፣ ፊቱ ያልተፋቀ ይበቃናል። ሰብሳቢዎች አንበሳው ያነሣው የግራ እግሩን ነው ወይስ የቀኙን እያሉ ዋጋ ይጨምራሉ ይቀንሳሉ። እኛን አይመለከተንም።

ከምኒልክ ብር አጠገብ የግድ መቀመጥ ያለበት ጠገራ ብር ነው፤ የማርያ ቴሬዛዋ። ምኒልክ የራሱን ብር ያስመታው እሷን ለመተካት ነበር፤ ሕዝቡ ግን ለረጅም ጊዜ የለመዳትን እመቤት አልለቅም አለ። የዘውዷን ዕንቁ በጣቱ ሳይቆጥር የማይቀበል ነጋዴ ነበር። ንግሥቲቱ በ1780 ሞታለች፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ 1780 የሚል ዓመት ይዞ ቀጠለ። ናፒየር ወደ መቅደላ ሲዘምት የመንገዱን ስንቅና የጭነት ከብት የሚከፍልበትን ጠገራ ከቪየና አሠርቶ ነው የመጣው። ሙሶሊኒ ሊወረን ሲዘጋጅ ደግሞ በ1935 መምቻውን ከኦስትሪያ ተቀብሎ ሮም ላይ ያስመታት ጀመር። እንግሊዞች በበኩላቸው በ1936 እዚሁ ለንደን፣ ታወር ሂል በነበረው ሮያል ሚንት መምታት ያዙ። ያ ቻይና ለኤምባሲ የገዛችው ግቢ ማለት ነው፤ ተሳፋሪ ይዤ በደጁ ሳልፍ ሁሌ ትዝ ይለኛል። ልጆቹ በአውቶቡስ የሚያልፉበት ግቢ ውስጥ የሀገራቸው ገንዘብ ይመታ ነበር። ይህን ታሪክ የትኛው የአክሱም ወርቅ ይነግርልኛል?

ጠገራ ላይ ግን እንዳትታለሉ። ድጋሚ የተመታው ቁጥር ስፍር የለውም። ውስጡ ያለው ንጹሕ ብር 23 ግራም ከምናምን ነው። የዕለቱን የብር ዋጋ ስልካችሁ ላይ ተመልከቱና አባዙት፤ ከዚያ ትንሽ ከፍ ቢል ይሁን። «1780 ነው፣ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል» የሚላችሁ ካለ አመስግናችሁ እለፉ።

አሁን ብዙዎቻችሁ የምትቃወሙትን ልናገር። ጠገራውን የምገዛው የተበሳ፣ ወይም ማንጠልጠያ የተበየደበት ከተገኘ ነው። ለሰብሳቢ የተበሳ ሳንቲም የተበላሸ ሳንቲም ነው፤ ከጠረጴዛው ሥር ባለው ሣጥን ይጥለዋል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ለኛ ግን ያ ቀዳዳ የሰው ታሪክ ነው። አንዲት ሴት አንገቷ ላይ አድርጋዋለች። ብር ሠሪዎቻችን ጠገራን እያቀለጡ መስቀልና አምባር ሲሠሩ ያ አንዱ ሳይቀልጥ ተርፎ እዚህ ደርሷል። እርግጥ የመንም ዓረብም ጠገራን ያንጠለጥላል፤ የተበሳ ሁሉ የኛ ነው አልልም። ልጆቹ ግን የአያታቸው አንገት ላይ በፎቶ ያዩትን በእጃቸው ይይዛሉ። ፈረንጅ ዋጋ የቀነሰበትን ምልክት እኛ ልንፈልገው ይገባል ባይ ነኝ።

የቀረው ወደ ትንንሾቹ። የምኒልክ ግርሽ፣ የብሩ ሃያኛ፣ ክብደቷ አንድ ግራም ተኩል እንኳ የማትሞላ ናት፤ ብዙ ስለተመታች አብዛኛውን ጊዜ አትወደድም። አሥር ብናገኝ ለአሥር ልጆች በአንድ ጊዜ ይታደላል። አላድና ሩብ ከተገኘ አንድ አንድ፤ ግማሽና ሩብ የሚለውን ሒሳብ በአማርኛ ያስተምሩልናል። ከ1936ቶቹ ደግሞ ክቡን ስሙኒና ጠርዙ የተሸረፈውን ስሙኒ ጎን ለጎን እፈልጋለሁ። ክቡ የወጣ ጊዜ አታላዮች ብር እየቀቡ ሽልንግ ነው ብለው ያሳልፉት ጀመር፤ መንግሥት ጠርዙን አበባ አስመስሎ አመለጣቸው። ልጅ የሌባ ታሪክ ይወዳል፣ ይህን አይረሱትም።

የደርጉን የ1969 ሳንቲሞች ግን ማንም ፓውንድ እንዳያወጣባቸው። ባለ ገበሬው አንድ ሳንቲም፣ ባለ ወታደሩ አምስት፣ ባለ ኒያላው አሥር፣ ሁሉም በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ ከአሮጌ ቁልፍና ከተበላ ባትሪ ጋር ተኝተዋል። ሻንጣችሁን ፈትሹ። የ2002ቱን ባለ ሁለት ቀለም አንድ ብርም ጨምሩ።

ስለ አገዛዝ ጥቂት ቃል። መርካቶ እንደለመድነው የተጠራውን ዋጋ በግማሽ ቆርጦ መጀመር እዚያ አያስኬድም፤ ሰውየው ፊቱን ያዞራል። ሳንቲሙን በጠርዙ ይዛችሁ፣ አይታችሁ፣ መልሳችሁ «የመጨረሻው ስንት ነው?» በሉ። ትንሽ ይቀንሳል። ጥሬ ገንዘብ ካያችሁ ጋር ደግሞ ትንሽ ይጨምራል። መጀመሪያ አዳራሹን አንድ ዙር ምንም ሳንገዛ እንዞራለን፣ ይህ ላይ አልደራደርም። የምኒልክ ወርቅ ነው ብሎ የሚያቀርብ ቢኖር ጭራሽ እንዳትነኩ፤ ኋላ የተሠራው ከእውነተኛው ጋር ተደባልቋል፣ ለይተን የምናውቅ ሰዎች አይደለንም።

አንድ ነገር ደግሞ፦ 500ው የግድ ማለቅ የለበትም። ከ80 እስከ 100 ፓውንድ ይቀመጥ፤ ልጆቹ የሚነኳቸው ሳንቲሞች ማስቀመጫ ሣጥን፣ ማጉያ መነጽርና ጽሑፍ ያስፈልጋቸዋል። ገበያው ውስጥ ጥሩ የምኒልክ ብር ካላገኘን ደግሞ ባዶ እጃችንን እንመለሳለን፤ መስከረም ላይ ኮይኔክስ አለ። ገንዘብ ያዋጣ ሰው ሁሉ ምን በስንት እንደተገዛ ከነደረሰኙ በግሩፑ ያያል።

ቅዳሜ ጠዋት 9:30፣ በፈረንጅ ነው፣ ራስል ስኩዌር ጣቢያ በር ላይ እንገናኝ። መኪና ይዛችሁ እንዳትመጡ፣ የማቆሚያው ዋጋ አንድ ግርሽ ይገዛል። ትንሽ ሚዛን እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ ማግኔት ያለው ሰው ማግኔት ይያዝ። ወረፋዬ ደረሰ።