የመጫኛው ሰርቨር ሳንጃ ይቀመጥ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቋርጧል። በየወረዳው ያለው የኮምፒውተር ባለሙያ አዲስ ሥርዓተ ክወና ለመጫን ፍላሽ ይዞ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይዞራል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ማሽን ፊት ተቀምጦ ቋንቋ ይመርጣል፣ ዲስክ ይከፋፍላል፣ ስም ይሞላል፤ መብራት ከጠፋበትም እንደገና ይጀምራል።

ይህን ልፋት የሚያስቀር ስልት አዲስ አይደለም። ፒኤክስኢ በተባለው የኢንቴል ስልት ኮምፒውተሩ በኔትወርክ ካርዱ በኩል ይነሣል፤ አድራሻ ይቀበላል፤ የማስነሻ ፋይሉን ከሰርቨር ያወርዳል። የሚከተሉትን ጥያቄዎች ሁሉ አስቀድሞ የተጻፈ የመልስ ፋይል ይመልስለታል። ለዴቢያን ፕሪሲድ፣ ለሬድ ሃት ደግሞ ኪክስታርት ይህንኑ ተግባር ያከናውናሉ።

አከራካሪው ሰርቨሩ የሚቀመጥበት ስፍራ ነው። ወረዳኔት ወረዳዎችን ከማዕከል ጋር ለማገናኘት የተዘረጋ በመሆኑ፣ ሁሉን ከባሕር ዳር መላክ ይቀላል የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። ስሌቱ ግን ይህን አይደግፍም። የታች አርማጭሆ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በሳንጃ 30 ኮምፒውተሮች ያሉት አንድ ጽሕፈት ቤት እናስብ። መጫኛው 5 ጊጋባይት፣ መስመሩም በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢሆን፣ ለአንዱ ማሽን ብቻ አምስት ሰዓት ተኩል ያስፈልጋል፤ ለሁሉም ሰባት ቀን ገደማ። እዚያው ቢሮ ውስጥ በ100 ሜጋቢት ስዊች ከሆነ ግን አንዱ ሰባት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ለዚህም አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ይበቃል።

ይሁንና «ያለ ሰው ክትትል» የሚለውን አገላለጽ እስከ መጨረሻው አልቀበለውም። የመልስ ፋይሉ ዲስክ እንዲያጸዳ ከታዘዘ ያጸዳል፤ በዲስኩ ላይ የገበሬዎች የይዞታ መዝገብ መኖሩን አይጠይቅም። ስለሆነም የማስነሻው ዝርዝር ቀዳሚ ምርጫ ሁልጊዜ «ከራስህ ዲስክ ተነሣ» የሚል መሆን አለበት፤ መጫኑን የሚያዝዘውም ቁልፍ የሚጫን ሰው ይሁን። ሌላው ሁሉ ለማሽን ቢተው ቅር አይለኝም።

ዛሬ የአማርኛው ኪቦርድ፣ የአታሚው አድራሻ፣ የፕሮግራሞቹ ዝርዝር ያለው በአንድ ባለሙያ አእምሮ ውስጥ ነው፤ ባለሙያው ሲዛወር አብሮት ይሄዳል። ፋይሉ ግን ሳንጃ ይቀራል፤ ተተኪው አንብቦ ያርመዋል። የይለፍ ቃል ብቻ በውስጡ አይጻፍ፤ ፋይሉን የከፈተ ሁሉ በቀላሉ ሊያነብበው ይችላልና።